የወደቀ ዛፍ አልተኛም፦ ከማዕበል በኋላ መጋዝ ለሚያነሱ ሁሉ

በሐዴራ ክረምት እንደ አገር ቤቱ ሰኔና ሐምሌ አይደለም፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ረጃጅሞቹን ባሕር ዛፎች ነው። ጊቭዓት ኦልጋ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሲያፏጭ ያደረ ነፋስ ጠዋት በየግቢው ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴም ከነሥሩ የተነቀለ ሙሉ ዛፍ ጥሎ ይሄዳል። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ስልክ ይደወላል። «መጋዝ ያለው ሰው ታውቃላችሁ?» ይላል አንዱ። «ነገ ጠዋት የግማሽ ቀን ሥራ አለ፤ ገንዘቡ በእጅ ነው፤ ትመጣለህ?» ይላል ሌላው።

ሁለቱም ጥሪዎች የሚያመሩት ወደ ሞተር መጋዝ ነው፤ እዚህ አገር ማሶር ሻርሼሬት ወደምንለው። እኔ በማኅበረሰብ ነርስነት ስለምሠራ የማየው የነገሩን መጨረሻ ነው፤ ስፌት ሊያስወጣ የመጣውን፣ ጣቱ አልታጠፍ ያለውን፣ ጆሮው ሌሊት የሚጮህበትን። ስለዚህ ስለ ሥራና ስለ ግዢ በምንነጋገርበት በዚህ ገጽ ስለዚህ ሥራ ማንሳት ተገቢ መሰለኝ። ነፋስ የጣለው ዛፍ ቆሞ ከነበረው ዛፍ የበለጠ አደገኛ ነው። ለሥራው የሚላከው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህን ያልተነገረው ሰው ነው።

ቀድሞን የመጣው ዛፍ

ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት ዙሪያዋ ረግረግ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች እጅግ ብዙዎቹን ወባ ገደለ። ረግረጉን ለማድረቅ በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ገንዘብ ቦዮች ተቆፈሩ፤ ውሃ ይመጣል ተብሎ የታመነበት ባሕር ዛፍም በብዛት ተተከለ። ሆስፒታላችን ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን ከወባ ጋር ከታገለው ከዶክተር ሂሌል ያፌ ነው። በዚያው በ1890ዎቹ ባሕር ዛፍ በዓፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያ የተፈለገው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን አገር ቤት ትተነው መጣን ያልነው ዛፍ እዚህ ቀድሞን ቆሞ ጠብቆናል።

ለአባቶቻችን ባሕር ዛፍ ወደቀ ማለት ማገዶ ወደቀ ማለት ነው። በልጅነታቸው በመጥረቢያ ስንቱን ጥለዋል፤ ቢነግሯቸው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፣ ዛፍ ያውቃሉ። ነገር ግን አገር ቤት የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ለቤት ማገር ወይም ለአጥር የደረሰ ቀጭን ባሕር ዛፍ ነው። እዚህ የሚወድቀው ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ሊሆን ይችላል፤ የሚወድቀውም ተጠማዞ፣ ተሰንጥቆ፣ በአጥርና በመኪና ላይ ተደግፎ ነው። ዝናብ ለቀናት ሲዘንብ አፈሩ ይላላል፣ ሥሩ የሚይዘው ያጣል፤ ከዚያ ነፋሱ ይገፋዋል። ባሕር ዛፍ በዚያ ላይ ሌላ ጠባይ አለው፤ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ከባድ ቅርንጫፍ በድንገት ይጥላል። ከሥሩ ወንበር ዘርግቶ ቡና ማፍላት ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ማዕበል እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ 2010 ከእኛ ትንሽ ወደ ሰሜን ባለችው በቄሳርያ የወደቡን የማዕበል መከላከያ የሰበረው ነፋስና ሞገድ ይታወሳል። በታኅሣሥ 2013 ኢየሩሳሌምን በረዶ ሲሸፍናት ከክብደቱ ብዛት ዛፎች ተሰብረው መንገድና የመብራት መስመር ዘግተው ነበር። ከእኛ የራቀ ምሳሌ ልጨምር፦ በጥር 2005 በስዊድን ደቡብ አንድ ማዕበል 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን እንጨት በአንድ ሌሊት ጣለ። ስዊድን ደን መቁረጥ እንደ እርሻ የሚታወቅባት አገር ናት፤ ሆኖም ነፋሱ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሰዎች የወደቀውን ሲያነሱ፣ ተጨማሪ ሰዎች ሞተዋል።

ወስፈንጥሩ

ቆሞ ያለ ዛፍ ክብደቱ ወደ ታች ነው። የወደቀው ግን ክብደቱ የት እንዳረፈ በዓይን አይለይም። ግንዱ አጥር ላይ ተደግፏል፣ ቅርንጫፎቹ ከስሩ ታጥፈው ተጭነዋል፣ አንዱ ዛፍ በሌላው ላይ ተጋድሟል። እያንዳንዱ የጎበጠ እንጨት የተወጠረ ደጋን ነው። በልጅነቱ ወስፈንጥር አጥምዶ ወፍ የያዘ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጎንበስ ያለችው እንጨት የምትመታው ስትለቀቅ ነው። እዚህ የምትለቀቀዋ እንጨት ግን የሰው ጭን ያህል የወፈረች ልትሆን ትችላለች፤ የሚለቃትም መጋዙ ነው።

ግንድ ሲጎብጥ አንደኛው ወገኑ ይታመቃል፣ ሌላው ይወጠራል። ሁለቱ ጫፎቹ ተደግፈው መሐሉ ባዶ ላይ ከሆነ ላዩ የታመቀ፣ ታቹ የተወጠረ ነው። አንደኛው ጫፍ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ተገላቢጦሽ ነው፤ ላዩ የተወጠረ፣ ታቹ የታመቀ። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ የታመቀውን ወገን የግንዱን ውፍረት ሲሶ ያህል ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በተወጠረው ወገን በኩል ቀስ ብለው ይጨርሳሉ። የተወጠረውን ወገን መጀመሪያ በጥልቀት የቆረጠ ሰው ግንዱ በቁመቱ ተሰንጥቆ ወደ ፊቱ ሊፈናጠርበት ይችላል። የታመቀውን ብቻ ጠልቆ የቆረጠ ደግሞ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ይነከስበታል፤ እሱን ለማስለቀቅ ሲጎትትና ሲታገል ሌላው አደጋ ይመጣል። ግንዱ ወደ ጎን የጎበጠ ከሆነ መቆሚያው በጉብጠቱ ውስጠኛ ወገን ነው። በውጭኛው ወገን የቆመ ሰው ግንዱ ሲለቀቅ መንገዱ ላይ ነው የቆመው።

ይህን ያነበበ ሰው መቁረጥ ተማረ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። የጻፍኩት አሠሪያችሁን ወይም የቀጠራችሁትን ሰው ለመጠየቅ እንድትችሉ ነው። «የተወጠረው በየት በኩል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግር የሚለው ሰው፣ መጋዙ የራሱ ቢሆንም፣ የሚቆርጠውን አያውቅም።

ብዙ ሰው የማያስበው ትልቁ አደጋ ግን ሥሩ ነው። ዛፍ ከነሥሩ ሲነቀል ሥሩና አፈሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል፤ ከኋላው ጉድጓድ ይከፈታል። ያንን ግድግዳ ደግፎ የያዘው የግንዱ ክብደት ነው። ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ሲቆረጥ ቶኖች የሚመዝነው አፈርና ሥር ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ሊዘጋ፣ ወይም ወደ ቆራጩ ሊገለበጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ልጆች ደግሞ ጉድጓድ ይወዳሉ። ወላጆች ሆይ፣ ዛፍ ከወደቀበት ቦታ ልጆችን የምታርቁት ዛፉ ሲወድቅ ብቻ አይደለም፤ ከወደቀ በኋላ ባለው ሳምንት ሁሉ ነው። ባለሙያዎች ሥሩን በገመድና በማሽን ሳያስሩ፣ ወይም ሥሩ ላይ ረጅም ግንድ እንደ ድጋፍ ሳይተዉ፣ እዚያ አጠገብ አይቆርጡም።

ሌላው ከላይ ነው። ዛፉ ሲወድቅ የጎረቤቱን ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ እዚያው አንጠልጥሎት ሊሄድ ይችላል። የመጋዙ ንዝረትና ትንሽ ነፋስ ያወርደዋል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንገትን ቀና አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል፤ የተንጠለጠለ ነገር ካለ ከስሩ መሥራት አይቻልም። ተዳፋት ቦታ ከሆነ የተቆረጠው ጉማጅ ይንከባለላል፤ መቆሚያው ሁልጊዜ በላይኛው በኩል ነው።

ስለ መብራት ገመድ አጭር ነገር ልበል፤ የሚያከራክር ስላልሆነ። ዛፉ ገመድ ከነካ ወይም ገመድ መሬት ላይ ካለ ማንም አይጠጋ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ለኤሌክትሪክ ኩባንያ 103 ይደወላል፤ እስኪመጡም ይጠበቃል።

መጋዙ ሲራገጥ

የሞተር መጋዝ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት አለው፤ ምላስ እንበለው። የምላሱ ጫፍ ላይኛው ግማሽ አንድ ጠንካራ ነገር፣ ለምሳሌ ከግንዱ ጀርባ የተደበቀ ቅርንጫፍ፣ ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ቆራጩ ይፈናጠራል። እንደ በቅሎ ርግጫ ነው፤ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ ሰው አስቦ የሚያመልጠው አይደለም። የሚደርሰውም ፊት፣ አንገትና ትከሻ ላይ ነው። በወደቀ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ስትሠሩ የምላሱ ጫፍ የት እንዳለ አይታይም። ርግጫ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ መጋዙ ላይ የተሠራ መከላከያ አለ፤ ከፊተኛው እጀታ ፊት ለፊት ያለው ጋሻ መሳይ ዘንግ። መጋዙ ሲራገጥ ዘንጉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሰንሰለቱም ይቆማል። ይህ ፍሬን ነው። ያልሠራ ፍሬን ያለው መጋዝ፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ መጋዝ አይደለም። ያገለገለ መጋዝ የምትገዙ ወይም የምትከራዩ ከሆነ ሻጩ ፊት ፍሬኑን አስፈትኑት። ነዳጅ ሳይሰጠው ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነም ተዉት። መጋዙን በጉልበት ሳይሆን በአያያዝ ነው የሚገዙት፦ ሁለት እጅ፣ የግራ አውራ ጣት እጀታውን ከስር ዞሮ የጨበጠ፣ ከትከሻ በላይ ፈጽሞ አለማንሳት፣ መሰላል ላይ ሆኖ አለመቁረጥ።

በኢንተርኔት ስለሚሸጡት በአንድ እጅ የሚያዙ ትንንሽ የባትሪ መጋዞች የራሴን አስተያየት ልናገር። አልወዳቸውም። ስለማይጮሁ አያስፈሩም፤ አንዱ እጅ መጋዙን ሲይዝ ሌላው እጅ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ ይይዛል፤ የሚቆረጠውም ያ እጅ ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ በእጅ መጋዝ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ምን ችግር አለው? ለማንኛውም ያላችሁ ሰዎች ሰንሰለቱን ስታጸዱ መጀመሪያ ባትሪውን አውጡት።

ስለ ልብስ ስንናገር፣ ሰው የሚገዛው መጀመሪያ መነጽርና ጓንት ነው። መልካም ነው፤ ግን አብዛኛው የመጋዝ ቁስል እግር ላይ፣ በተለይ ግራ ጭንና ጉልበት ላይ፣ እንዲሁም ግራ እጅ ላይ ነው የሚሆነው። ለዚህ የተሠራ ሱሪ አለ። ውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተጎትተው የመጋዙን ጥርስ ማዞሪያ ጠቅልለው ያቆሙታል። በዝቅተኛ ደረጃ ከተለመዱት አንዱ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ሲሮጥ የተፈተነ ነው፤ ይህም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጂንስ ሱሪ ለዚህ ምንም አይደለም። አንዴ የተቆረጠ መከላከያ ሱሪ መርፌና ክር አያድነውም፤ መጣል አለበት። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የአንገት ሐብል፣ የተንጠለጠለ ጺጺት ሁሉ ከመጋዝ ጋር አይሄድም።

ጆሮም አለ። የሞተር መጋዝ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ100 ዲሲቤል በላይ ነው፤ በእስራኤል ሕግ ሠራተኛ ከ85 ዲሲቤል በላይ በሆነ ድምፅ ውስጥ ሲሠራ የመስማት ምርመራ ይገባዋል። የጆሮ ጉዳት ደም ስለማይፈስበት ማንም አይሮጥለትም። እጃቸውን በብርድ ጊዜ ነጭ የሚያደርግባቸውና የሚያደነዝዛቸው ሰዎችም አሉ፤ ከንዝረቱ ነው፤ ለሐኪም ይነገር።

ከሥራው በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ኩማዲን፣ ኤሊኲስ ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጋዝ አትያዙ። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰውም እንዲሁ። ጾም ይዞ መጋዝ ማንሳትም አይገባም። ሲግድ የሚውለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነውና ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

ደም ሲፈስ

የመጋዝ ቁስል እንደ ቢላ ቁስል አይደለም። ሥጋውን ይቀዳል፣ ዘይትና የእንጨት ብናኝ ያስገባል። አዋቂ ሰው ደሙ አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ የጭን ትልቁ የደም ሥር ከተቆረጠ ሕይወት በደቂቃዎች ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይቁረጥ፤ ስልኩም ኪስ ውስጥ እንጂ መኪና ውስጥ አይሁን።

መጋዙን አጥፉ፣ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ በሙሉ ኃይል ተጫኑ። ጨርቁ ከራሰ አታንሱት፤ ሌላ ጨምሩበት። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በመጫን ካልቆመ ልጆቻችሁ ከሠራዊቱ የሚያውቁት ሆሴም ዖርቂም አለ። ከቁስሉ በላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ይጠበቃል። ያማል፤ ቢያምም አይላላም። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉት፣ ግንባሩ ላይም ቢሆን። መጋዝ የሚይዝ ሰው ይህን ማሰሪያ ኪሱ ውስጥ ቢይዝ ከጓንቱ እኩል ይጠቅመዋል።

አሁን ስለ ቡና። እማማዎቻችን ደም ለማቆም የተፈጨ ቡና መነስነስ ያውቃሉ። ሐኪም በሌለበት አገር ያለውን መጠቀም ነበርና አላፌዝም። እዚህ ግን አምቡላንስ አለ፤ ቡናው ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ሐኪሙ ሳይሰፋ በፊት ፍሬ በፍሬ ሊያጥበው ይገደዳል፤ ትልቅ ደም ደግሞ አያቆምም። እማማ፣ ቡናውን ልጁ ከሆስፒታል ሲመለስ አፍሉለት።

ጣት ከተቆረጠ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ውስጥ አስገቡት፤ ላስቲኩን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አድርጉ። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። ሰው ግንድ ስር ከተያዘ ከ101 ጋር 102 እሳት አደጋም ጥሩ፤ እሱን ለማውጣት ብላችሁ ግንዱን አትቁረጡ፤ ግንዱ እንዴት እንደሚለቀቅ አይታወቅም። ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ አንድ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ።

ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የቴታኖስ ክትባት ይታይ። ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ክትባት ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነው ይደገማል። በእድሜ ገፍተው ከመጡት ወገኖቻችን ተከታታዩን ክትባት ጨርሰው ያልወሰዱ አሉ፤ ኩፓት ሖሊም ስትሄዱ ነርሷን ጠይቁ፣ መዝገቡን ትከፍትላችኋለች።

ለማን ነው የምትቆርጡት?

ዛፉ መንገድ ላይ ወይም የከተማው መናፈሻ ውስጥ ከሆነ ሥራው የዒሪያው ነው፤ 106 ይደወላል። የሕንፃው ግቢ ውስጥ ከሆነ የቫዓድ ባይት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የማየው ልማድ አለ። ቫዓዱ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ «የእነ እገሌ ልጅ ይቆርጠዋል» ይላል፤ ጋሼ እገሌም ልጃቸውን ይልካሉ፤ ጥቂት መቶ ሰቅል ይሰጡታል። ልጁ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? የሕንፃው መድን ይከፍላል ወይ? ይህን ከሥራው በፊት ያልጠየቀ ቫዓድ የቆጠበው ነገር የለም። ከግብርና ሚኒስቴር የጎዜም ሙምሔ ማረጋገጫ ያለው ሰው ጥሩ፤ ማረጋገጫውንና መድኑን እንዲያሳይ ጠይቁ። የሚከፋው ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቆሞ የቀረ ግን የተጎዳ ዛፍ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፦ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያላነሰና ከመሬት 130 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲለካ ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ዛፍ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የግቢያችሁ ቢሆንም።

ለቀብላን የምትሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ። የመከላከያ ልብስና ዕቃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ከደመወዝ አይቀነስም። የሥራውን አደጋ ማስረዳትና ማሠልጠንም ግዴታው ነው፤ ሥልጠናው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ሠራተኛውም መረዳቱን ማረጋገጥ አለበት። በዕብራይስጥ ፈጥኖ ተናግሮ «ሄቫንታ?» ብሎ ማስፈረም ማረጋገጥ አይደለም። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ለብቻው የከፍታ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ እሱም ለሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሰው ተጎድቶ ሲመጣ «ቤት ነው የቆረጠኝ» ሲለኝ ነው። ጫማው ላይ የሥራ ቦታው ጭቃ አለ። አሠሪው ነው እንዲህ በል ያለው፤ «ቤት ነው ካልክ ሥራህን አታጣም» ብሎ። አንድ ጊዜ በሐኪም ወረቀት ላይ «ቤት» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስለወጥ በጣም ከባድ ነው፤ ሰውየው የሚያጣውም ብዙ ነው። አደጋው የሥራ አደጋ ከሆነ አሠሪው ቶፌስ 250 ይሰጣችኋል፤ ሕክምናው በዚያ ይሸፈናል። ሥራ ላቆማችሁባቸው ቀናት ደግሞ በቶፌስ 211 ለቢቱዋሕ ለዑሚ ጥያቄ ይቀርባል፤ እስከ 91 ቀን፣ ከአደጋው በፊት ከነበረው ገቢ 75 በመቶ፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ። ጥያቄው በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አሠሪው ቶፌስ 250 አልሰጥም ካለ ራሳችሁ ወደ ቢቱዋሕ ለዑሚ ቅርንጫፍ ሂዱ።

«እኔ እኮ ትሉሽ የለኝም፣ በእጅ ነው የሚከፍለኝ» የሚሉ አሉ። አሠሪው ሳያስመዘግብ መቅረቱ የአሠሪው ጥፋት ነው፤ ተቀጣሪ መሆናችሁን ካሳያችሁ መብታችሁ አይጠፋም። የሚያሳየው ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ነው ያለው፦ «ነገ ሰባት ሰዓት ና» ያለበት መልእክት፣ የቦታው ፎቶ፣ አብሯችሁ የሠራው ሰው ቁጥር። አታጥፉት። በግል የሚሠራ ሰው ግን ከአደጋው በፊት በቢቱዋሕ ለዑሚ ካልተመዘገበ እንደ ሥራ አደጋ አይቆጠርለትም፤ የተመዘገበውም ለመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት አይከፈለውም። መጋዝ ገዝቶ በየግቢው ለመሥራት የሚያስብ ወንድም ካለ መጀመሪያ የሚሄደው መዝገቡ ጋ ነው፣ ወደ መጋዝ ሱቅ ከመሄዱ በፊት።

እውነትም በቤቱ፣ የራሱን ዛፍ ሲቆርጥ የተጎዳ ሰውስ? ለእሱም ዴሜይ ቴኡና የሚባል አለ፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት እስከ ጡረታ ላለ፣ አደጋው ከሥራ ውጭ ለደረሰበት። በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ጥያቄውንም በ90 ቀን ውስጥ ያቀርባል። ብዙ ሰው ይህ መኖሩን አያውቅም፤ «ይሻለኛል» ብሎ ሦስት ቀን ቤት ተኝቶ ሲመጣ ሰዓቱ አልፏል። የቢቱዋሕ ለዑሚ ስልክ *6050 ነው። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ስትሠሩ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጃችሁን ወይም ነርሷን ይዛችሁ ግቡ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም ወረቀቱን አስነብቡት።